ካትበርት ዱክስ፦ የሊምፍ ኖድ ምርመራን የካንሰር ደረጃ መለኪያ ያደረጉ ፓቶሎጂስት

በቀዶ ጥገና የወጣ የካንሰር ናሙና ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሲደርስ ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው ዕባጩ በእርግጥ ካንሰር ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ካንሰሩ ከተነሣበት ቦታ ተነሥቶ ምን ያህል ርቆ ሄዷል የሚል ነው። ዛሬ ሁለተኛው ጥያቄ የሕመምተኛውን ቀጣይ ሕክምና የሚወስን በመሆኑ ከመጀመሪያው ያላነሰ ክብደት ይሰጠዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ግን የፓቶሎጂስት ዋና ተግባር የበሽታውን ምንነት ለይቶ መናገር ነበር። የሥርጭቱ መጠን የሚገመተው በአብዛኛው በቀዶ ሐኪሙ ዓይንና ጣት ነበር። ይህን ልማድ ከለወጡት ሐኪሞች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት እንግሊዛዊው ካትበርት ዱክስ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የዱክስን ሕይወትና ሥራ በአጭሩ በመቃኘት፣ የሊምፍ ኖዶችን አንድ በአንድ ፈልጎ መመርመር የካንሰርን ደረጃ ለመወሰን መሠረት የሆነበትን ሂደት ያቀርባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ካትበርት ዱክስ በሐምሌ 1890 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በሰመርሴት ግዛት፣ ብሪጅዋተር በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ዱክስ ራሳቸው በጎልማሳነታቸው ዘመን የኩዌከር ማኅበረ ምእመናን አባል ሆነው ኖረዋል። የሕክምና ትምህርታቸውን በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው ተመረቁ። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ እርሳቸውም እንደ ዘመኑ ወጣት ሐኪሞች ሁሉ በብሪታንያ ጦር የሕክምና ክፍል ውስጥ አገለገሉ።

ከጦርነቱ በኋላ ፊታቸውን ወደ ላቦራቶሪ አዞሩ። የመጀመሪያ ዝንባሌያቸው ወደ ባክቴሪያ ጥናት ነበር። በ1924 ቀዶ ጥገናን ከመመረዝ ስላላቀቁት ስለ ጆሴፍ ሊስተር ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሊስተር ለመላው የሙያ ማኅበረሰብ ያስተማሩት ነገር ቢኖር ሐኪም ውጤቱን መመዝገብና ማነጻጸር እንዳለበት ነው። ዱክስ በቀጣዩ የሥራ ዘመናቸው ከሁሉ አብልጠው የያዙትም ይህንኑ ነው።

ወደ ቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል

ዱክስ በ1922 በለንደን በሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል በፓቶሎጂስትነት ተቀጠሩ። ሆስፒታሉ በ1835 ፍሬድሪክ ሳልሞን በተባሉ ቀዶ ሐኪም የተመሠረተ ሲሆን፣ የደንዳኔና የፊንጢጣ በሽታዎችን ብቻ ነጥሎ የሚያክም ተቋም ነበር። በስፋቱ ከለንደን ትላልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ለአንድ ተመራማሪ ግን ሌላው የማይሰጠውን ዕድል ይሰጥ ነበር። በሌላ ሆስፒታል በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚታይ በሽታ እዚህ በየሳምንቱ ይታያል፤ ናሙናዎቹም ተመሳሳይ ስለሆኑ እርስ በርስ ሊነጻጸሩ ይችላሉ።

በሆስፒታሉ ከሚሠሩት ቀዶ ሐኪሞች መካከል ጆን ፐርሲ ሎክሃርት-ማመሪ ስመ ጥር ነበሩ። እኚህ ሐኪም በ1920ዎቹ አጋማሽ ራሳቸው ቀዶ ጥገና ያደረጉላቸውን የሬክተም ካንሰር ሕሙማን፣ ማለትም በትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ላይ ካንሰር የወጣባቸውን ሰዎች፣ በሽታው በገፋበት መጠን በሦስት ምድብ ለመክፈል ሞክረው ነበር። ሐሳቡ ጠቃሚ ቢሆንም ማረጋገጫው ከቀዶ ሐኪሙ ግምት ያለፈ መሆን ነበረበት። ዱክስ ያንን ግምት ወደ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ አምጥተው በማይክሮስኮፕ የሚረጋገጥ መለኪያ ማድረግን ሥራቸው አድርገው ያዙት።

ሊምፍ ኖዶች ለምን ይፈለጋሉ

ሊምፍ ኖዶች በመላው አካል ተሠራጭተው የሚገኙ፣ ብዙውን ጊዜ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጡ የመከላከያ አካላት ናቸው። ሲያብጡ በተለምዶ ንፍፊት ይባላሉ። ከሕብረ ሕዋሳት የሚወጣው ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ ወደ ደም ከመመለሱ በፊት በእነርሱ ውስጥ ያልፋል። ከዋናው ዕባጭ የተለየ የካንሰር ሕዋስም በዚሁ መሥመር ሲጓዝ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በአቅራቢያው ባለው ኖድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኖዱ ካንሰሩ ከተነሣበት ቦታ ለቆ መውጣት መጀመሩን የሚመሰክር ምልክት ይሆናል።

ይህን ምስክርነት ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። በሬክተም ዙሪያ ያሉት ኖዶች በስብ ውስጥ የተሸሸጉ ናቸው፤ ቀለማቸውም ከስቡ ብዙ አይለይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠናቸው ያታልላል። አንድ ኖድ በካንሰር ሳይሆን በቁስለት ምክንያት ሊያብጥ ይችላል፤ በአንጻሩ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ ለዓይን ጤነኛ የሚመስል ኖድ የካንሰር ሕዋሳትን ይዞ ሊገኝ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ በጣቱ ዳብሶ የሚሰጠው አስተያየት በሁለቱም አቅጣጫ ሊሳሳት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የላቦራቶሪው አሠራር

የዱክስ ዘዴ የሚጠይቀው መሣሪያ ጥቂት፣ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነበር። ከቀዶ ጥገና ክፍል የመጣው የአንጀት ክፍል ተከፍቶ ይታጠባል፤ ከዚያም በአካል ውስጥ በነበረው ርዝመትና ቅርጽ ተወጥሮ በፎርማሊን ውስጥ እንዲደርቅ ይደረጋል። ይህ ካልተደረገ ሕብረ ሕዋሱ ተኮማትሮ ርቀቶችን መለካት አይቻልም። ናሙናው ከጠነከረ በኋላ በዋናው የደም ሥር ዙሪያ ያለው ስብ በጥንቃቄ እየተቆረጠ እያንዳንዱ ኖድ ይፈለጋል። የተገኘው ኖድ ቁጥር ይሰጠውና ቦታው በናሙናው ሥዕል ላይ ምልክት ይደረግበታል። በመጨረሻም ኖዶቹ አንድ በአንድ በስስ ተቆርጠው በስላይድ ላይ ይቀመጡና በማይክሮስኮፕ ይመረመራሉ። ካንሰር የተገኘበት ኖድ በሥዕሉ ላይ ተለይቶ ይጠቆራል።

በዚህ መንገድ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ በሽታ የራሱ ካርታ ይኖረዋል። ካርታዎቹ በመቶዎች ሲቆጠሩ ደግሞ አንድ ናሙና ብቻውን ሊናገረው የማይችለው ሥርዓት መታየት ይጀምራል።

በዚህ ሥራ የዱክስ ቀኝ እጅ የነበሩት ኤች. ጄ. አር. ባሲ ናቸው። ባሲ ወደ ላቦራቶሪው የገቡት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በረዳትነት ሲሆን፣ የሕክምና ዲግሪ አልነበራቸውም። ሆኖም ናሙናዎችን በማዘጋጀት፣ መዝገብ በመያዝና የሕሙማንን ሁኔታ በመከታተል ለአሥርት ዓመታት ስለሠሩ በመጨረሻ በመስኩ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁ ተመራማሪ ለመሆን በቅተዋል። ስማቸው በዋና ዋናዎቹ የምርምር ጽሑፎች ላይ ከዱክስ ጎን ይገኛል። የላቦራቶሪ ረዳቶች ሥራ ብዙውን ጊዜ ከምስጋና አንቀጽ በማያልፍበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የ1932ቱ ምደባ

ዱክስ የምርምራቸውን ውጤት በ1932 በፓቶሎጂና ባክቴሪዮሎጂ መጽሔት ላይ አወጡ። ምደባው ሦስት ፊደላት ብቻ ነበሩት። በኤ ምድብ የሚገቡት ካንሰሩ ከሬክተም ግድግዳ ያላለፈባቸውና ኖዶቻቸው ነጻ የሆኑ ናቸው። በቢ ምድብ የሚገቡት ካንሰሩ ግድግዳውን ጥሶ በዙሪያው ወዳለው ሕብረ ሕዋስ የገባባቸው፣ ነገር ግን ኖዶቻቸው አሁንም ነጻ የሆኑ ናቸው። በሲ ምድብ የሚገቡት ደግሞ ግድግዳው የተጣሰበት መጠን ምንም ይሁን ምን በሊምፍ ኖዶቻቸው ውስጥ ካንሰር የተገኘባቸው ናቸው።

የምደባው ጥንካሬ ከቀላልነቱ የመነጨ ነው። ከዚያ ቀደም በአሜሪካ የዳበረው ሌላ ዘዴ የካንሰር ሕዋሳት ከጤነኛ ሕዋስ ምን ያህል እንደራቁ በማየት የበሽታውን ክፋት ይመዝን ነበር። ዱክስም ያንን ዘዴ ያውቁታል፤ በናሙናዎቻቸውም ላይ ሠርተውበታል። ይሁን እንጂ የሕዋስን መልክ መመዘን በተመልካቹ ፍርድ ላይ ይመሠረታል፤ በአንዱ ዕባጭ ውስጥም መልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንጻሩ ግድግዳው መጣሱና ኖዱ ካንሰር መያዙ አዎን ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ነው። ሁለት ፓቶሎጂስቶች በሁለት አገር ሆነው አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጡበት ይችላሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ ዱክስና ባሲ ከቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ጋብሪየል ጋር ሆነው በሬክተም ካንሰር የሊምፍ ሥርጭት ላይ ያተኮረ ሰፊ ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ ሥርጭቱ እንዲያው በዘፈቀደ የሚሆን ሳይሆን በአብዛኛው ቅደም ተከተል ያለው መሆኑን አሳየ። መጀመሪያ የሚያዙት ለዕባጩ ቅርብ የሆኑት ኖዶች ናቸው፤ ከዚያም ካንሰሩ የደም ሥሩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ታች የሚደረግ ሥርጭት የሚታየው በአመዛኙ የላይኛው መንገድ በካንሰር ሲዘጋ ነው። በዚህ ግኝት መሠረት የሲ ምድብ ለሁለት ተከፈለ። ቀዶ ሐኪሙ የደም ሥሩን በቋጠረበት ነጥብ ላይ ያለው የመጨረሻው ኖድ ነጻ ከሆነ ሲ አንድ፣ እርሱም ተይዞ ከተገኘ ሲ ሁለት ተባለ።

የዚህ ግኝት ትርጉም ከምደባ ያለፈ ነበር። ካንሰር ከሬክተም ወደ ታች ብዙም የማይወርድ ከሆነ፣ በላይኛው የሬክተም ክፍል ላይ በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ የግድ ፊንጢጣውን አጥቶ ዕድሜውን ሙሉ በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲጸዳዳ መገደድ አይኖርበትም ማለት ነው። ፊንጢጣን የሚያተርፍ ቀዶ ጥገና በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ተቀባይነት እንዲያገኝ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ይህ የላቦራቶሪ ካርታ ነው።

ሕሙማንን መከታተል

ምደባ ትርጉም የሚኖረው ከሕመምተኛው ዕጣ ጋር ሲገናኝ ነው። በመሆኑም የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ቡድን ናሙናውን መርምሮ መዝገቡን በመዝጋት አልተወሰነም። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ለዓመታት ይከታተሏቸው ነበር። በ1940 ዱክስ የ1,000 ሕሙማንን መረጃ የያዘ ትንታኔ አወጡ። በ1958 ከባሲ ጋር ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የምደባውን ሚዛን በግልጽ አሳየ። በሌላ ምክንያት የሞቱት ሰዎች በስሌቱ ታስበው ሲታይ፣ ከኤ ምድብ ሕሙማን 98 በመቶ ያህሉ፣ ከቢ ምድብ 78 በመቶ ያህሉ፣ ከሲ ምድብ ግን 32 በመቶ ያህሉ ብቻ አምስት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል።

በቢና በሲ መካከል ያለው ይህ ሰፊ ርቀት የተመሠረተው በስብ ውስጥ በተሸሸጉ ጥቃቅን አካላት ላይ ነው። ፓቶሎጂስቱ አንዲት የተያዘች ኖድ ቢያልፋት የሲ ሕመምተኛ ቢ ተብሎ ይመዘገባል። ኖዶች ነጻ ናቸው የሚል ሪፖርት ዋጋ የሚኖረው ፍለጋው በተደረገበት ጥንቃቄ መጠን ብቻ ነው፤ የዱክስ ላቦራቶሪ አሠራርም ይህን እውነታ ታሳቢ ያደረገ ነበር።

የቤተሰቦች መዝገብ

የዱክስ ሥራ በካንሰር ደረጃ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በትልቁ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ እጅግ ብዙ ትናንሽ ሥጋዎች የሚያበቅልና ካልታከመ ወደ ካንሰር የሚለወጥ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። ሎክሃርት-ማመሪ በ1925 ይህ በሽታ ያለባቸውን ሦስት ቤተሰቦች በጽሑፍ ካቀረቡ በኋላ፣ ዱክስና ባሲ የቤተሰቦቹን የዘር ሐረግ መመዝገብ ቀጠሉ። መዝገቡ በጊዜ ሂደት አድጎ በዓይነቱ ከቀደምቶቹ አንዱ ሆነ። በአንድ በኩል ምልክት ሳይታይባቸው በሽታውን የወረሱ ዘመዶች በጊዜ እንዲታከሙ አስችሏል። በሌላ በኩል ካንሰር ያልሆነ ዕባጭ በጊዜ ብዛት ወደ ካንሰር እንደሚለወጥ የሚያስረዳውን የዱክስን አመለካከት አጠናክሯል። ከዱክስ ሞት አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ የበሽታው ዘረ መል በ5ኛው ክሮሞሶም ላይ መገኘቱ ሲታወቅ በዚያ መዝገብ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ለጥናቱ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

የፊደላቱ ዕጣ

ዱክስ በ1956 ከሆስፒታሉ በጡረታ ተሰናበቱ፤ በየካቲት 1977 በ86 ዓመታቸው ዐረፉ። ምደባቸው ግን በሕይወት ሳሉ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። በ1949 እና በ1954 በአሜሪካ የታተሙ ጥናቶች እነዚያኑ ፊደላት ይዘው ትርጉማቸውን ለወጡ። በ1954ቱ የአስትለርና ኮለር ምደባ፣ ሲ አንድና ሲ ሁለት የሚለዩት በመጨረሻው ኖድ ሁኔታ ሳይሆን ካንሰሩ የአንጀቱን ግድግዳ በጣሰበት ጥልቀት ነው። በ1967 ደግሞ ተርንቡል የተባሉ ቀዶ ሐኪም ወደ ሩቅ አካላት ለተሠራጨ ካንሰር ዲ የሚል ምድብ ጨመሩ። ይህ አራተኛ ፊደል በብዙ መጻሕፍት በዱክስ ስም ቢጠራም በ1932ቱ ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። የቆዩ ጥናቶችን የሚያነጻጽር ተመራማሪ ፊደሉን ብቻ አይቶ ከመደምደሙ በፊት የትኛው ምደባ እንደሆነ ማጣራት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ምደባው የራሱ ውስንነቶችም ነበሩት። አንድ ኖድ የተያዘበትንና አሥር የተያዙበትን ሕመምተኛ በአንድ ፊደል ይጠራል። የሚያውቀውም ቀዶ ሐኪሙ አውጥቶ የላከውን ብቻ ነው፤ በአካል ውስጥ ስለቀረው አይናገርም። ፈረንሳዊው ፒየር ዴኑዋ ከ1943 ጀምሮ ያዳበሩት ቲ.ኤን.ኤም. የተባለው ሥርዓት ዕባጩን፣ ኖዶቹንና የሩቅ ሥርጭቱን ለየብቻ በመመዝገብ ይህን ክፍተት ለመሙላት ጥሯል፤ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበትም እርሱ ነው። ይሁንና የዱክስ ሲ ምድብ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ በሦስተኛ ደረጃነት ይታያል።

ከትንበያ ወደ ሕክምና ውሳኔ

በዱክስ የሥራ ዘመን አንድ ሕመምተኛ ሲ መባሉ የሚጨምርለት ሕክምና እምብዛም አልነበረም። ፊደሉ ዕጣውን ይተነብያል እንጂ አይለውጠውም ነበር። በ1990 ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ኖዶቻቸው የተያዙባቸው የደንዳኔ ካንሰር ሕሙማን ከቀዶ ጥገና በኋላ የኬሞቴራፒ ሕክምና እንዲሰጣቸው መከረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የምትገኝ ወይም የምትታለፍ አንዲት ኖድ ሕክምና በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለች በር ሆነች። በዚያው ዓመት በሲድኒ በተደረገ ዓለም አቀፍ የጨጓራና አንጀት ሕክምና ጉባኤ ደግሞ ከአንድ ናሙና ቢያንስ 12 ኖዶች እንዲመረመሩ ሐሳብ ቀረበ፤ ይህ ቁጥር እስካሁን የጥራት መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ከቀዶ ጥገና በፊት ጨረር በተሰጣቸው የሬክተም ካንሰር ሕሙማን ላይ ግን ኖዶቹ ስለሚኮማተሩ ቁጥሩን ማሟላት ሁልጊዜ አይቻልም።

የፍለጋው ጥንቃቄ ለተመራማሪዎች ሌላም ትምህርት አለው። በ1985 አልቫን ፋይንስታይንና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ የምርመራ ዘዴ ሲሻሻል ሕሙማን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ። ቀድሞ ቢ ይባሉ የነበሩ፣ ስውር ሥርጭት ያለባቸው ሰዎች ወደ ሲ ሲዛወሩ የቢ ምድብ አማካይ ውጤት ይሻሻላል፤ ከነባሮቹ የሲ ሕሙማን የተሻለ ሁኔታ ላይ ያሉ ሰዎች ስለተጨመሩበት የሲም ውጤት ይሻሻላል። ሁለቱም ምድቦች የተሻሻሉ ሲመስሉ አንድም ሰው ተጨማሪ ቀን አልኖረ ይሆናል። የሁለት ሆስፒታሎችን ወይም የሁለት ዘመናትን ውጤት የሚያወዳድር ጥናት ስንት ኖዶች እንደተመረመሩ ካልገለጸ፣ የሕክምናን ልዩነት ከቆጠራ ልዩነት መለየት አይችልም።

ማጠቃለያ

ካትበርት ዱክስ አዲስ መሣሪያ አልፈለሰፉም፤ አዲስ መድኃኒትም አላገኙም። ቢላዋ፣ ፎርማሊን፣ ማይክሮስኮፕና ሥዕል በየትኛውም የዘመኑ ላቦራቶሪ የነበሩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን ያመጡት ናሙናውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መመርመራቸው፣ ያዩትን ሁሉ መመዝገባቸውና መዝገቡን ከሕሙማኑ የኋላ ሕይወት ጋር ለማገናኘት ዓመታት መጠበቃቸው ነው። የዘረ መል ምርመራ በተስፋፋበት በዚህ ዘመን እንኳን የደንዳኔና የሬክተም ካንሰር ሪፖርት ስንት ኖዶች እንደተገኙና ከእነርሱ ስንቶቹ ካንሰር እንደያዙ ሳይገልጽ የተሟላ አይባልም። ይህን ቁጥር የሚያስገኘውም ዛሬም ቢሆን በስብ ውስጥ ኖድ የሚፈልግ ሰው እጅና ትዕግሥት ነው። የዚህ ሰው ሥራ በየላቦራቶሪው ጊዜ፣ ሥልጠናና ክብር ሊሰጠው እንደሚገባ የዱክስና የባሲ የሥራ ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው።